መተማመን፦ ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶችና ተንከባካቢዎቻቸው በጅማ

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ንግግርን፣ ከሰው መግባባትን፣ ድምፅና ብርሃን የሚሰማበትን መንገድ ይነካል። ዕድሜ ልክም አብሮ ይዘልቃል። በአገራችን ግን ስሙ ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው ሕፃን ልጅ ነው። ያ ሕፃን አድጎ ፂም ሲያወጣ ማን ይረዳዋል? የሚረዳውንስ እንዴት ያምነዋል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦቲዝም ማዕከል ጆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። በኋላ ነህምያ የተባለው ማዕከል ተከተለ፤ እሱም አዲስ አበባ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጩኸት የሚያስጨንቀውን ወጣት ይዞ ያን ያህል በአውቶቡስ መሄድ ቀላል አይደለም።

ጅማ ያላት ትልቅ ሀብት ዩኒቨርሲቲዋ ነው። በ1952 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው በ1999 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ ሕዝቡ መካከል በማስተማር ጅማ በአገሪቱ ፈር ቀዳጅ ናት። ሲቢቲፒ በሚባለው፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ በሚሰጥ ሥልጠና፣ ተማሪዎች ቀበሌ ገብተው ቤት ለቤት ይጠይቃሉ። ቲቲፒ በሚባለው የቡድን ሥልጠና ደግሞ ከተለያየ የጤና ሙያ የመጡ ተመራቂዎች በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ለሳምንታት ይሠራሉ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል አለው፤ ከከፋና ከኢሉባቦር ሳይቀር ታካሚ ይመጣለታል። ብዙ ሐኪም ያፈራ ቤት ነው፤ ቢመሰገን ይገባዋል።

ችግሩም እዚያው አለ። የማስተማሪያ ሆስፒታል ፊት ይቀያየርበታል። ተማሪ ሐኪሙ ይመጣል፣ ወጣቱን ይለምዳል፣ ሮቴሽኑ (በዚያ ክፍል የሚሠራበት ተራው) ያልቃል፣ ይሄዳል። ኦቲዝም ላለበት ሰው ደግሞ እምነት የሚበቅለው ከድግግሞሽ ነው። ያው ሰው፣ ያው ወንበር፣ ያው ሰዓት። ስለዚህ ቋሚዋ ነርስ ከማንም በላይ ታስፈልጋለች።

ሌላው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥያቄውን ለእናትየው ሳይሆን ለራሱ ለወጣቱ ማቅረብ። መልሱን በትዕግሥት መጠበቅ። ዓይኔን እይ ብሎ አለማስገደድ። ከመንካት በፊት መናገር፤ «አሁን ክንድህን እይዛለሁ» ማለት። መናገር ለማይችል ሥዕል ማሳየት። ቤቱ የሚወራው አፋን ኦሮሞ ከሆነ በአማርኛ አለማጨናነቅ። «ነገ ና» ተብሎ ነገ ቢሮው ተዘግቶ ከተገኘ፣ የወራት ልፋት በአንድ ቀን ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዴሚየን ሚልተን የተባለ ራሱ ኦቲስቲክ የሆነ ምሁር ኦቲዝም ባለበትና በሌለበት ሰው መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን ነው ብሎ ጽፏል። ትክክል ይመስለኛል።

ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ በጥናት ተረጋግጧል። ጠበልና ዱዓን በተመለከተ ብዙ ቤተሰብ ከሕክምናው ጎን ይዞታል፣ ብርታትም ያገኝበታል። ወጣቱን ማሰር ግን በየትኛውም ስም መተማመንን ይገድላል።

ዋናው ተንከባካቢ ያው ቤተሰብ ነው፤ እናት፣ ታላቅ እህት፣ አንዳንዴም የቤት ሠራተኛ። እናት ስትታመም የምታውቀው ሁሉ አብሯት አልጋ ይይዛል። ስለዚህ ደብተር ላይ መጻፍ ይጠቅማል፦ ምን ይበላል፣ የትኛውን ልብስ አይወድም፣ ሲከፋው ምን ያረጋጋዋል። ቡና ሲወቀጥ ጆሮውን የሚይዝ ከሆነም፣ ዘነዘናው ከመነሳቱ በፊት እንዲነገረው።