ኮምፈርት፣ ኮንሶል፣ ሶላስ፣ ሱዝ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አራቱንም «ማጽናናት» ብሎ መተርጎም ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ ስናስገባ አረፍተ ነገሩ ይሰናከላል።

ሰፊው ኮምፈርት ነው። «ፎርቲስ»፣ ማለትም ብርቱ፣ ከሚለው የላቲን ቃል ወጥቶ በድሮው ፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገባ። መነሻው ማበርታት ነበር። የእኛም ማጽናናት ከ«ጸና» ነው የሚመጣው፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ መንገድ ሄደዋል። ዛሬ ኮምፈርት ያዘነን ማጽናናትም ነው፣ የሶፋ ምቾትም ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮምፈርተብል የሚመች ነው፦ ወንበር፣ ጫማ። ኮምፈርቲንግ ደግሞ የሚያጽናና ነው፦ ደግ ቃል፣ መልካም ዜና። «አይ አም ኮምፈርቲንግ» ብላችሁ «ተመችቶኛል» ማለት አትችሉም።

ኮንሶል ጠበብ ይላል። የምታጽናኑት ሰው አንድ ነገር ያጣ መሆን አለበት፤ ዘመድ የሞተበት፣ ጨዋታ የተሸነፈ፣ ፍቅረኛው የተለየችው። ዋናው ሽልማት ላመለጠው የሚሰጠው «ኮንሶሌሽን ፕራይዝ» የተባለውም ለዚህ ነው። ነገ ፈተና ያለበትን ፈሪ ተማሪ ኮንሶል አናደርገውም፤ ገና ምን አጣና? ለእሱ የሚሆነው ሪአሹር ነው፦ «አይዞህ፣ ታልፋለህ» ብሎ ስጋቱን ማቅለል። (የጌም ኮንሶልን እርሱት፤ አነጋገሩም ትርጉሙም ሌላ ነው።)

ሶላስ የኮንሶል የሥጋ ዘመድ ነው፤ የላቲን ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው። በአብዛኛው ግን ስም ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ያዘነው ሰው ራሱ በሙዚቃ፣ በጸሎት ወይም በሥራ የሚያገኘው መጽናኛ ነው። በተራ ወሬ መሀል ከገባ ትንሽ መጽሐፍ መጽሐፍ ይላል።

ሱዝ ሐዘን አይፈልግም። የሚያለቅስ ሕፃን ማባበል፣ የሚቆጠቁጥ ጉሮሮ ማስታገስ ሱዝ ነው። ቅባት ቆዳን ሱዝ ያደርጋል፤ ኮንሶል ግን አያደርግም። ታሪኩ ደስ ይላል፦ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «እውነት መሆኑን ማረጋገጥ» ማለት ነበር። ቀስ በቀስ «እውነትህን ነው» እያሉ ሰውን ማባበል ሆነ፤ በኋላም ማረጋጋት።

ሪሊፍን ከእነዚህ ጋር የሚቀላቅልም አለ። ሪሊፍ እፎይታ ነው፤ ሕመሙ ሲቀል ወይም የተፈራው ነገር ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ። ኮምፈርት የተደረገው ሰው ግን ችግሩ እዚያው እንዳለ ሊሆን ይችላል።