የልጅ በሽታ የመከላከል አቅም ምንድን ነው?

«ልጄን ጉንፋን አልለቅ አለው፣ ምን ልስጠው?» ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ጥያቄ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ መልሱ የሚጠበቀው ከጠርሙስ ነው። ሽሮፕ ይሁን ቫይታሚን፣ ብቻ «አቅም ይጨምራል» የሚል ነገር ይጻፍበት። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ስሙኝ፦ ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ጤነኛ ነው። ሕፃናት ማቆያ የሚውል ከሆነማ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።

በሽታ የመከላከል አቅም የምንለው ሰውነት ጀርምን ለይቶ የሚዋጋበት ሥርዓት ነው። ቆዳ፣ ንፍጥ (አዎ፣ ያ የሚያሰለቻችሁ ንፍጥ)፣ የጨጓራ አሲድ፣ ነጭ የደም ሴሎች ሁሉም አሉበት። ከፊሉ ከልጁ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ የመጣውን ሁሉ ያለ ልዩነት ይጋፈጣል። ሌላው ክፍል ግን እየተማረ ነው የሚያድገው። አዲስ ቫይረስ ሲገባ ለዚያ የሚሆነውን ፀረ እንግዳ አካል (ጀርሙን የሚይዝ ፕሮቲን) አዘጋጅቶ እስኪያወጣ አንድ ሳምንትም ከዚያ በላይም ሊፈጅበት ይችላል፣ እስከዚያው ልጁ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል፣ ሲነጫነጭ ያድራል። ሲድን ግን ያንን ጀርም የሚያስታውሱ ሴሎች ይቀራሉ፤ ያው ቫይረስ ተመልሶ ሲመጣ ቶሎ ይደርሱበታል። ችግሩ ጉንፋን የሚያስይዙት ቫይረሶች ከ200 በላይ መሆናቸው ነው። አንዱን አወቅኩት ሲል ሌላው ይመጣል።

ሕፃን ሲወለድ ባዶ እጁን አይመጣም። በተለይ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት የእናቱ ፀረ እንግዳ አካላት በእንግዴ ልጅ በኩል ይተላለፉለታል። እንገርና የጡት ወተትም ይጨምሩለታል። ከእናቱ የወረሰው ግን ወደ 6ኛው ወር ገደማ እየተሟጠጠ ይሄዳል፣ የራሱ ደግሞ ገና ነው። ለዚህ ነው ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ የሚታመመው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚሠራው ክትባት ነው። ልጁ ሳይታመም የመከላከል አቅሙ ትምህርቱን ያገኛል። ኩፍኝን ብቻ እንኳ ብናይ፣ በሽታው ልጁን አሳምሞት አይበቃውም፤ ሰውነቱ ስለሌሎች ጀርሞች የያዘውን ትውስታ ጭምር ይሰርዝበታል። ስለዚህ ቀጠሮ አታሳልፉ።

ሌላው እንቅልፍ ነው፣ ብዙዎቻችን የምንንቀው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ማታ ስልክ ይዞ የሚያመሽ ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ምግቡ ዓይነቱ ይብዛ፣ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ እንቁላል። በደንብ ለሚበላ ልጅ በየቀኑ ቫይታሚን ሲ መስጠት ጉንፋንን አያስቀርለትም። ሐኪም እጥረት አይቶ ካዘዘ ሌላ ነገር ነው።

እጅ መታጠብን በተመለከተ፣ ልጅ ሲታጠብ ቆማችሁ እዩት። መዳፉን እርጥብ አድርጎ ይሮጣል። አውራ ጣቱ፣ የጣቶቹ መሃል፣ የጥፍሩ ሥር ሳሙና አልነካቸውም፤ ዓይኑንና አፍንጫውን የሚያሸው ደግሞ በእነዚያው ነው። 20 ሰከንድ በሳሙና ይበቃል። ከመብላቱ በፊት፣ ከሽንት ቤት ሲወጣ፣ ከውጭ ሲገባ። ይህ ማለት ግን አፈር አይንካ ማለት አይደለም፣ ወጥቶ ይሩጥ፣ ይጫወት።

ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ የቀረው ልፋት ግማሹ ከንቱ ነው። የሲጋራ ጭስ የልጁን የመተንፈሻ አካል እየጎዳ ለጆሮ ኢንፌክሽንና ለሳንባ ምች ያጋልጠዋል። አንቲባዮቲክም ቫይረስን አይነካም፤ ለጉንፋን ብላችሁ ካለፈው የተረፈውን አትስጡት።

ታዲያ መቼ ነው መስጋት ያለብን? በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ የሳንባ ምች ከያዘው፣ የጆሮ ኢንፌክሽኑ 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ፣ ኪሎው አልጨምር ካለ ሐኪም ይመርምረው። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን «ይነጋ» ሳትሉ በዚያው ሰዓት ውሰዱት።