የጉበት ሕመምና ዲጂታል ጤና፦ ምርምሩ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ

ጉበት ሲታመም ቶሎ አያሳውቅም። ጠባሳው ለዓመታት እየተጠራቀመ ሰውዬው ሥራውን ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን፣ ሆዱ ውሃ ሲቋጥር ወይም ደም ሲያስመልሰው ግን ነገሩ ብዙ ርቆ ሄዷል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ያህል ሰው በጉበት በሽታ ይሞታል። ከ25 ሟቾች አንዱ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 ከሄፓታይተስ ቢ ጋር የሚኖሩ 254 ሚሊዮን፣ ከሄፓታይተስ ሲ ጋር የሚኖሩ ደግሞ 50 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አልኮል የሚያመጣውና ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ጋር የሚመጣው የጉበት ጉዳት ገና አልተቆጠረም።

በሽታው ድምፁን አጥፍቶ የሚሄድ ስለሆነ፣ መረጃ መልቀምና ማገናዘብ ለጉበት ሕክምና ትልቅ ጉዳይ ነው። የጉበት ሐኪሞች፣ የዳታ ባለሙያዎች፣ ፓቶሎጂስቶች (የሰውነት ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ሐኪሞች) እና ነርሶች በዩኒቨርሲቲዎችና በማስተማሪያ ሆስፒታሎች አብረው የሚሠሩበት መስክ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ጥያቄዎቻቸው ግልጽ ናቸው። ሳያውቀው የታመመው ማነው? ቶሎ የሚባባስበት ማነው? ቤቱ የተኛውን ታካሚ ማን ያየዋል?

ነገሩ የተጀመረው ከቁጥር ነው

ዲጂታል ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አፕ ነው። የጉበት ሕክምና ግን ወደ ነጥብና ቀመር የገባው ስማርት ስልክ ከመፈጠሩ ብዙ ቀድሞ ነው። ቻይልድና ተርኮት የተባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በ1964 ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ የሚወረስበት ከባድ ደረጃ) ያለባቸውን ታካሚዎች የሚመድቡበት መንገድ አወጡ። በ1973 ፒው የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ አሻሻሉት። እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ችግሩ ከፊሉ በሐኪሙ ዓይን ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። የሆድ ውሃው ትንሽ ነው ወይስ ብዙ በሚለው ላይ ሁለት ሐኪሞች ላይስማሙ ይችላሉ።

ከዚያ ሜልድ መጣ። አሜሪካ ባለው ማዮ ክሊኒክ ሆስፒታል ውስጥ የተሠራው ይህ ቀመር ቢሊሩቢንን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር)፣ ክሪያቲኒንን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን) እና የደም መርጋት መለኪያን ወስዶ፣ ታካሚው በሚቀጥሉት 3 ወራት የመሞት አደጋው ምን ያህል እንደሆነ ይገምታል። አሜሪካ ውስጥ ከ2002 ጀምሮ የጉበት ንቅለ ተከላ ወረፋ የሚመራው በዚህ ነጥብ ነው። በጣም የታመመው ይቀድማል።

ቀመርም ግን ያዳላል። ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ሴቶች በአማካይ ጡንቻቸው አነስ ስለሚል፣ ኩላሊታቸው ከወንዶቹ እኩል ተጎድቶም ክሪያቲኒናቸው ዝቅ ብሎ ይታያል። ነጥባቸው ያንሳል፣ ወረፋው ላይ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ሜልድ 3.0 የተባለው አዲሱ ቀመር ይህን ለማካካስ ለሴቶች 1.33 ነጥብ ይጨምራል። አሜሪካ ሥራ ላይ ያዋለችው በ2023 ነው። በመካከሉ ባለፉት ሃያ ዓመታት ወረፋ ላይ የቀሩትን ሴቶች ማሰብ ያማል።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ፊብ-4 የሚባለውን፣ የጉበት ጠባሳን የሚገምተውን ቀመር ነው። በ2006 ነው የወጣው። የሚፈልገው ዕድሜን፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉትን ሁለት የጉበት ኢንዛይሞችና የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ቁጥርን ብቻ ነው። ዕድሜው በኤኤስቲ ይባዛል። የመጣው ቁጥር ለፕሌትሌትና ለኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ብዜት ይካፈላል። የ58 ዓመት ሰው እንውሰድ። ኤኤስቲው 62፣ ኤኤልቲው 49፣ ፕሌትሌቱ 140 ነው። 3,596 ለ980 ሲካፈል 3.67 ይመጣል። ከ1.3 በታች ቢሆን ኖሮ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነበር። ከ2.67 በላይ ከሆነ ግን የጉበት ስፔሻሊስት ሊያየው ይገባል። የዚህ ሰው ቁጥሮች አንድ በአንድ ሲታዩ «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ትንሽ ዝቅ ብሏል» ተብለው በቀላሉ የሚታለፉ ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ነው አደጋው የሚወጣው። ዕድሜ ራሱ ነጥቡን ስለሚያንረው ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የታችኛው መስመር 2.0 ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች በየላብራቶሪው ሞልተዋል። ቁጭ ብሎ የሚያሰላቸው ሰው ነው የታጣው። ስኮትላንድ ውስጥ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራውን ለኮምፒውተሩ ሰጡት። ሐኪሙ ተራ የጉበት ምርመራ ሲያዝና ውጤቱ ከወትሮው ወጣ ሲል፣ ሲስተሙ ከዚያው የደም ናሙና ላይ ተጨማሪ ምርመራዎችን ራሱ ያዛል። የጠባሳውን ደረጃ ያሰላል። ሊሆን የሚችለውን በሽታና ቀጣዩን እርምጃ ጽፎ ለሐኪሙ ይመልሳል። ታካሚው እንደገና መወጋት አያስፈልገውም። በ2019 በታተመው ጥናታቸው በዚህ መንገድ የጉበት በሽታን የመለየት መጠን በ43 በመቶ ጨምሯል። ምንም አዲስ መድኃኒት፣ ምንም አዲስ መሣሪያ የለም። ቀድሞ የሚጣለው መረጃ ነው ሥራ ላይ የዋለው።

ውስጡን ማየት

የጉበት ጠባሳን ለማወቅ ለረጅም ጊዜ መንገዱ አንድ ነበር። መርፌ ወደ ጉበት አስገብቶ ናሙና መውሰድ። ናሙናው ከጠቅላላው ጉበት 50,000ኛ ያህሉ ብቻ ነው፤ ጠባሳው ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከ2003 ወዲህ ፈረንሳይ የተሠራው ፊብሮስካን ብዙውን መርፌ አስቀርቷል። መሣሪያው በጎድን አጥንቶች መካከል ቀላል ንዝረት ይልካል፤ ንዝረቱ ጉበት ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት ይለካል። ጉበቱ በደነደነ ቁጥር ንዝረቱ ይፈጥናል። ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ አያምም።

ናሙና አሁንም የሚፈለግበት ዋናው ቦታ የመድኃኒት ሙከራ ነው። አንዱን ስላይድ ሁለት ፓቶሎጂስቶች አይተው የተለያየ ደረጃ ሲሰጡት፣ መድኃኒቱ ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለው ይምታታል። በመጋቢት 2025 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ኤአይኤም-ናሽ የተባለ የጉበት ናሙና የሚያነብ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ በሙከራዎች ላይ እንዲያገለግል ተቀበለ። መሣሪያው የሠለጠነው 59 ፓቶሎጂስቶች ባስቀመጧቸው ከ100,000 በላይ ምልክቶች ነው። ኤጀንሲው እንዲህ ላለ መሣሪያ ብቁነት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። ውጤቱን የሚያጸድቀው ግን አሁንም ፓቶሎጂስቱ ነው፤ መሆንም ያለበት እንዲያ ነው።

ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች ተራውን የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂን፣ ለጉበት አዋሉት። ሲሮሲስ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ይለውጣል። ለውጡ ለሰው ዓይን ላይታይ ይችላል፤ በብዙ ኢሲጂ የሠለጠነ ኮምፒውተር ግን ይለየዋል።

ቤት የገባው ታካሚ

ሲሮሲስ ያለበት ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መተኛቱ የተለመደ ነው። ከሚመልሱት ነገሮች አንዱ የአእምሮ መደናገር ነው። የደከመ ጉበት አሞኒያንና ሌሎች መርዞችን ማጥራት ሲያቅተው አእምሮ ይጎዳል። መጀመሪያ ላይ ምልክቱ ስስ ነው። ሰውዬው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ነገር ይረሳል፣ መኪና ሲነዳ ትኩረቱ ይበተናል። ቤተሰብ «ደክሞት ነው» ይላል።

ይህን ስስ ምልክት ለመያዝ የጉበት ሐኪሙ ጃስሞሃን ባጃጅና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንሴፋልአፕ የሚባል የስልክ ፈተና አዘጋጁ፤ ጥናቱ በ2013 ታተመ። መሠረቱ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስትሩፕ በ1935 ያሳየው ነገር ነው። መጀመሪያ ባለ ቀለም ምልክቶች እየታዩ ተፈታኙ ቀለማቸውን ይነካል። ቀጥሎ ይከብዳል። «ቀይ» የሚለው ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ይመጣል፤ መነካት ያለበት ሰማያዊው ነው። ጤነኛ ሰውም ትንሽ ያመነታል። የተደናገረ አእምሮ ግን ይዘገያል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጀምራል። ጠቅላላው የፈጀው ሰከንድ ነው ውጤቱ።

ማንበብ ለማይችል ወይም ቀለም ለማይለይ ሰው ይህ ፈተና አይሆንም። ለዚህ ነው ሌላ ቀላል ፈተና ጎን ለጎን የሚጠናው። በ60 ሰከንድ ውስጥ የቻሉትን ያህል የእንስሳት ስም መጥራት። ስልክም፣ ፊደልም አያስፈልግ። ዲጂታል ያልሆነው የሚሻልበት ቦታ እንዳለ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ስለማይሸሽጉ ደስ ይለኛል።

ክብደትም የሚነግረው ነገር አለ። የሆድ ውሃ ሲጠራቀም ሰው በጥቂት ቀን ኪሎ ይጨምራል። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የተገናኘ ሚዛን በየማለዳው ቁጥሩን ሲልክ፣ ነርሷ ሆዱ ከመወጠሩ በፊት ልትደውል ትችላለች። ለንደን ውስጥ የተጠናው ሲሮኬር የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ ክብደትንና የአእምሮ ፈተናን አንድ ላይ አድርጎ ለ10 ሳምንት 20 ታካሚዎችን ከቤታቸው ተከታተለ። ከመሰሎቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ሆስፒታል የገቡት ያነሰ ጊዜ ነው። ተስፋ ይሰጣል፤ ሃያ ሰው ግን ሃያ ሰው ነው። የዚህ መስክ ትልቁ ድካም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ጥናት ትንሽና አጭር ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አስታማሚው እየተረሳ ነበር። ፔሸንት ባዲ የተባለው አፕ ከሌሎች የሚለይበት ከታካሚው ጋር አስታማሚውንም ማስገባቱ ነው። የተደናገረ ሰው መደናገሩን አያውቅምና፣ መልእክቱን የሚልክ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል።

ታካሚውን ሳይሆን እውቀቱን ማጓጓዝ

ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የሄፓታይተስ ሲ ታካሚ ስፔሻሊስት ለማየት 8 ወር ገደማ ይጠብቅ ነበር። ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ በ2003 ኤኮ የተባለውን ፕሮጀክት ጀመሩ። በየገጠሩና በየእስር ቤቱ ያሉ ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች በየሳምንቱ በቪዲዮ ይሰበሰባሉ። ታካሚያቸውን ያቀርባሉ፤ ስፔሻሊስቶቹም ሌሎቹም አብረው ይመክሩበታል። ታካሚው ከቦታው አይነሳም። በ2011 የታተመው ጥናት 407 ታካሚዎችን አወዳደረ። ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶ፣ በኤኮ በኩል ከታከሙት 58.2 በመቶ ከቫይረሱ ነጹ። ያኔ ሕክምናው ኢንተርፌሮን ነበር፤ መርፌው ከባድ፣ ክትትሉ አድካሚ። ያንን ገጠር ያለ ጠቅላላ ሐኪም እኩል ማከም መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ቴክኖሎጂው ደግሞ ቪዲዮ ብቻ ነው።

ያልተፈቱ ነገሮች

ኮምፒውተር የሚማረው ከተሰጠው ነው። በ2022 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ሕንድ ውስጥ ከተሰበሰበ የታወቀ የጉበት መረጃ ላይ የሠለጠኑ፣ በሽታውን የሚለዩ የኮምፒውተር ሞዴሎችን በጾታ ለይተው ፈተሹ። ከታመሙ ወንዶች 23 በመቶዎቹ፣ ከታመሙ ሴቶች ግን 44 በመቶዎቹ ሞዴሎቹን አምልጠዋቸዋል። አጠቃላይ ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያውቅም። ጥናት በወጣ ቁጥር «ለማን ሠራ?» ተብሎ ተከፋፍሎ ይታይ የሚለው ግፊት የበረታው ከእንዲህ ዓይነት ግኝቶች በኋላ ነው።

አሁን ሰው ስለ ጉበቱ ቻትጂፒቲን ይጠይቃል። በ2023 የታተመ ጥናት መልሶቹን በጉበት ሐኪሞች አስመዝኗል። ስለ ሲሮሲስ ከተሰጡት መልሶች 79.1 በመቶዎቹ ትክክል ነበሩ፤ የተሟሉት ግን 47.3 በመቶ ብቻ። ለውሳኔ የሚያስፈልጉ የቁጥር መስመሮችን እና የሕክምና ጊዜን በትክክል ማስቀመጥ አቅቶታል። ታካሚው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ይዞ ሊሄድ የሚገባው ጥያቄም ከዚሁ ይጀምራል፦ የእኔ ፊብ-4 ስንት ነው?