ኬንያ ለመሄድ ላሰበ ሰው

ከቦሌ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም። የሰዓት ልዩነት እንኳ የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው ኬንያን እንደ ውጭ አገር አይቆጥራትም። "ጎረቤት አይደለች እንዴ!" ብሎ ሻንጣውን ማታ አሰናድቶ ጠዋት ይሄዳል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት እንደዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ ሁሌም ያየሁት ሰው የሚቸገረው በጥቃቅን ነገር መሆኑን ነው። በሶኬት፣ በፌስታል፣ በሻይ ውስጥ ባለ ወተት፣ መንገድ ሲሻገር በሚያይበት አቅጣጫ።

ከወረቀቱ እንጀምር። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን። የመመለሻ ትኬትና የምታርፉበትን ቦታ አድራሻ በወረቀት ያዙ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አትርሱ። ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች ውስጥ ስለሆነች ከዚህ የሚሄድ ሰው ካርዱን ሊጠየቅ ይችላል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። አንዴ ከተወሰደ ግን ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ በየ10 ዓመቱ ማደስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ቀርቷል። የድሮ ካርድ ያላችሁ መሳቢያችሁን ፈትሹ።

ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ማህተም ይመታላችኋል፤ የተፈቀደላችሁን ቀንም ይጽፋል። ከመስኮቱ ሳትርቁ ያንን ቁጥር አንብቡት። ካልገባችሁ እዚያው ጠይቁ። ቪዛ አይጠየቅም ማለት መሥራት ይፈቀዳል ማለት አይደለም፤ ለሥራ ሌላ ፈቃድ አለው። ይህን ጠንከር አድርጌ የምለው በምክንያት ነው። ደላላ "ኬንያ እኮ ክፍት ነው" ብሎ ያለ ማህተም በጫካ የሚያሻግራቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለማለፍ ያሰቡ ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ ኬንያ ውስጥ ተይዘው ታስረዋል። በሕጋዊ መንገድ በነጻ የሚገባበትን አገር ለደላላ ከፍሎ በጨለማ መግባት ያሳዝናል። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ናይሮቢ ውስጥ ስቴት ሀውስ በሚባለው ቤተ መንግሥት አካባቢ ነው፤ ስልኩን ከመነሳታችሁ በፊት መዝግቡት።

አሁን ወደ ፌስታሉ። ኬንያ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት መሥራትን፣ መሸጥንና መጠቀምን እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2017 ጀምሮ ከልክላለች። በሕጉ ላይ የተቀመጠው ከባዱ ቅጣት እስከ 4 ዓመት እስራት ወይም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ነው። ተጓዥ በአንድ ፌስታል ይታሰራል ማለቴ አይደለም፤ ግን ይወሰድበታል። እኔ ለዘመድ የተላከ በርበሬና ሽሮ በሦስት ፌስታል ደራርቤ ይዤ ነበር። የጉምሩክ ሠራተኛዋ ሻንጣውን አስከፈተችና ፌስታሎቹን በጣቷ ጫፍ አንስታ አየችኝ። በርበሬውን በሹራብ ጠቅልዬ ነው የወጣሁት። ሹራቡ ድጋሚ አልተለበሰም። ስለዚህ ቅመማችሁን በክዳን ባለው ዕቃ፣ ጫማችሁን በጨርቅ ከረጢት አድርጉ። ወደ ብሔራዊ ፓርኮችና የባሕር ዳርቻ መናፈሻዎች ከሆነ ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የውኃ ፕላስቲክ እንኳ አይገባም። ይህ ከጁን 2020 ወዲህ ነው። የሚሞላ ኮዳ ያዙ።

ሶኬታቸው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ነው። የእኛ ክቡ እግር አይገባም። አንድ አዳፕተር ከመርካቶ ወይም ከማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ግዙ።

ገንዘብ በተመለከተ ብር ይዞ መሄድ አያዋጣም። ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ ባንክ ሂዱና ዶላር ግዙ፤ የገዛችሁበትን ደረሰኝም አብራችሁ ያዙ። ንጹሕና አዳዲስ ኖት ጠይቁ፤ የቆየ ወይም የተጻፈበት ዶላር ምንዛሪ ቤቶች ይመልሱባችኋል። ግን ኬንያ ውስጥ ኪስ ውስጥ ያለ ወረቀት ብዙም ቦታ የለውም። በስልክ ገንዘብ የሚከፈልበት ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው እዚያ ነው፤ ዛሬ ያለ እሱ መኖር ይከብዳል። እኛም አገር ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ ስሙ እንግዳ አይደለም። ፓስፖርት ይዛችሁ ሳፋሪኮም ሱቅ ሲም ካርድ አውጡ፣ ኤምፔሳም አብሮ ይከፈትላችኋል። ዶላራችሁን ወደ ሽልንግ ቀይሩና በየመንገዱ ባሉት አረንጓዴ ኪዮስኮች አስገቡ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በስልክ ነው። ሙዝ የምትሸጥ እናት ጋሪዋ ላይ በካርቶን የተጻፈ ቁጥር ሰቅላለች። ቁጥሩን ታስገባላችሁ፣ ስሟ ስልካችሁ ላይ ይመጣል፣ ትክክል መሆኑን አይታችሁ የሚስጥር ቁጥራችሁን ትነካላችሁ። እሷ ሌላ ደንበኛ እያስተናገደች መልእክቷን ገልጣ ታያለች፤ ሙዙ ይሰጣችኋል። የጥበቃ ሠራተኛም፣ ትልቅ ሆቴልም በዚሁ ነው የሚሠራው።

ቋንቋ ላይ አትጨነቁ። ከተማው እንግሊዝኛ ይናገራል። ስዋሂሊው ግን ለእኛ ጆሮ የሚያስደስት ነገር አለው። ስኳር "ሱካሪ"፣ ሳሙና "ሳቡኒ"፣ ባሕር "ባሃሪ"፣ ሰባት "ሳባ" ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። "ኤልፉ" ከእኛ እልፍ ጋር ዘመድ ቢሆንም እነሱ ዘንድ አንድ ሺህ ነው። ነጋዴው "ኤልፉ ምቢሊ" ሲል ሁለት ሺህ ማለቱ ነው፤ አትደንግጡ።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ የሰዓት አቆጣጠራቸው ነው። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደ እኛ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው። "ሳ ምቢሊ" ማለት ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ማለት ደግሞ ጠዋት እኛ ሁለት ሰዓት የምንለው ነው። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ያው ሰው "ስምንት ሰዓት" ይላችኋል። ትኬት ላይ የሚታተመውም የእንግሊዙ ነው። ከሾፌር ጋር ስትቀጣጠሩ በየትኛው ቋንቋ እንደተነጋገራችሁ አስታውሱ።

ናይሮቢ ውስጥ ስትዘዋወሩ ኡበር፣ ቦልትና ሊትል የሚባሉት የስልክ ታክሲዎች አሉ። ለማታ እነሱን ተጠቀሙ። ቀን ግን ማታቱን ሳትሳፈሩ አትመለሱ። ማታቱ የእኛ ሚኒባስ ታክሲ ወንድም ነው፤ ልዩነቱ ሥዕሉና ሙዚቃው ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች፣ የዘፋኝና የፖለቲከኛ ፊት ዙሪያውን ተሥሎበታል፣ ውስጡ መብራት ያብለጨልጫል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። ታሪፉ እንደ ሰዓቱ ነው፤ ዝናብ ሲጥልና ሰው ሲበዛ ይጨምራል። ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። መውረድ ስትፈልጉ "ሹኪሻ!" በሉ። "ወራጅ አለ!" እንደማለት ነው።

ስልካችሁን መሐል ከተማ ላይ በእጃችሁ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቀማኛ አለ። መርካቶ ላይ የምትጠነቀቁትን ያህል ከተጠነቀቃችሁ ይበቃል። አስፈሪው መኪናው ነው። ኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። ዕድሜ ልካችንን መንገድ ስንሻገር መጀመሪያ ወደ ግራ ማየት ለምደናል። እዚያ ከቅርብ የሚመጣባችሁ መኪና ከቀኝ ነው። አንድ ጓደኛዬ መሐል አስፋልት ላይ ሞተር ሳይክል ክርኗን ነክቷት አልፏል። በእግዚአብሔር ቸርነት ነው የተረፈችው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሰው ሲሻገር አብራችሁ ተሻገሩ።

ምግብ አያስቸግርም። ኡጋሊ የበቆሎ ገንፎ ቢመስልም ጠጠር ያለ ነው፣ በእጅ እየቆረሱ ይበሉታል። ኛማ ቾማ በከሰል የተጠበሰ ሥጋ ነው፤ በጨው ብቻ ይቀርባል፣ ስለዚህ በርበሬው ይናፍቃል። ጿሚ ከሆናችሁ ሱኩማ ዊኪ የሚሉትን ጎመን፣ ማሃራግዌ የሚሉትን ባቄላ መሳይ ቦሎቄና ጊቴሪን ጠይቁ። ጊቴሪ በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለበት ነው፤ ንፍሮ ለሚወድ ሰው ቤቱ ነው። ሻይ ላይ ግን ንቁ። እዚያ "ቻይ" ካላችሁ ከወተት ጋር አብሮ የፈላ ነው የሚመጣው፤ ወተቱ ለብቻው አይጠየቅም። በሁዳዴ አንድ ትንሽ ሻይ ቤት ገብቼ ሦስት ጊዜ መልሻለሁ። በመጨረሻ አስተናጋጇ "አሃ፣ ቻይ ያ ራንጊ!" አለችኝ። ባለ ቀለሙ ሻይ ማለት ነው። ይህችን ቃል ሸምድዷት። ቡና አምራች አገር ቢሆኑም ቡናቸው አብዛኛው ወደ ውጭ ይላካል፤ የሕዝቡ መጠጥ ሻይ ነው። እንጀራ ሲያምራችሁ ኪሊማኒና ሀርሊንግሃም አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ኪሊማኒ ውስጥ ምኒልክ የሚባል መንገድ አለ። መሐል ከተማ ደግሞ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ሰፊ ጎዳና ኃይለ ሥላሴ አቬኑ ነው። እኛም አዲስ አበባ ላይ ጆሞ ኬንያታ ጎዳና አለን።

አየሩ? ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ትንሽ ሞቅ ትላለች፣ በሐምሌ ግን ሰማዩ ይዳምናል፣ ጃኬት ያስፈልጋል። ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እኛ ክረምት ላይ ስንሆን እነሱ ደረቅ ናቸው፤ ከዝናብ መሸሽ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ነው ማሳይ ማራ የሚባለው የዱር እንስሳት መጠበቂያ ላይ የቆርኬ ዘመድ የሆኑት ዋይልድቢስቶች ከታንዛኒያው ሴሬንጌቲ የሚጎርፉት። ሰው ስለሚበዛ ግን ከጁላይ ጀምሮ ለውጭ ዜጋ የመግቢያው ዋጋ ከመጀመሪያው ግማሽ ዓመት እጥፍ ነው። አቅማችሁ ካልፈቀደ አትዘኑ። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከከተማው መሐል 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ፓርክ ነው። አውራሪስ ሣር ሲግጥ፣ ቀጭኔ ከዛፍ ቅጠል ሲበላ ከኋላቸው የከተማው ፎቆች ይታያሉ። ጎሕ ሲቀድ ግቡ፤ ፀሐይ ከጠነከረች አንበሳው ጥላ ፈልጎ ይተኛል። ክፍያው ኢ-ሲቲዝን በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው፣ በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

ሞምባሳን ሳያይ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል። ባሕር ለሌለን ለእኛ በተለይ። ማዳራካ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የተጀመረው። ፈጣኑ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ትኬቱ ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ በስልክ ቁረጡ። ጣቢያው ሲዮኪማው ነው፣ ከከተማው ራቅ ይላል። ሻንጣ መሬት ላይ ተደርድሮ ውሻ ያሸታል፣ ከዚያ ማሽን አለ፤ ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቀድማችሁ ድረሱ። መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ሐዲዱ በጻቮ ፓርክ ውስጥ ያልፋል፣ የጻቮ ዝሆኖች በአፈሩ ምክንያት ቀይ ናቸው። ሞምባሳ ስትወርዱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ይቀበላችኋል። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መሥራት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ ምሽግ እዚያ አለ። ወባም እዚያ አለ። ናይሮቢ ላይ እምብዛም የማያሰጋው ወባ ባሕሩ ዳር ያሰጋል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

በምድር መሄድ ለሚፈልግ መንገዱ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ እስከ ናይሮቢም ያንኑ ያህል ነው። ድሮ የኬንያው በኩል ኮረኮንች ስለነበር ቀናት ይፈጅ ነበር፤ አሁን እስከ ድንበር አስፋልት ነው። የመንገዱን ጸጥታ በሳምንቱ ውስጥ ከሄደ ሰው ጠይቁ፣ በቀን ተጓዙ፣ ሞያሌ እደሩ። የሁለቱ አገር ኢሚግሬሽን በአንድ ግቢ የሚሠራበት የጋራ ኬላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ተመርቋል፤ የመውጫና የመግቢያ ማህተሙን እዚያው ትጨርሳላችሁ። ሞያሌ አንድ ስም ያላት፣ በሁለት አገር የተከፈለች ከተማ ናት። ወዲህም ወዲያም ቦረንኛ ትሰማላችሁ። ኬላውን አልፋችሁ ወደ ኬንያው አውቶቡስ ስትራመዱ መኪኖቹ መስመር ቀይረው በግራ ይሄዳሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ።