«ጥሩ ቢሆንማ ስሙን እንሰማ ነበር»

መጀመሪያ ካሴት አከራይ ነበርኩ። ቀጥሎ ዲቪዲ፣ በመጨረሻ ደግሞ ፍላሽ ላይ ጫኝ። (ለፊልሞቹ ባለቤቶች አምስት ሳንቲም አልደረሳቸውም፤ እሱን ኃጢአት ሌላ ቀን እናዘዘዋለሁ።) ዕቃው ሲቀያየር ደንበኛው ግን ያው ነው። ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ «አዲስ ምን አለ?» ይላል። ስሙን የማያውቀውን ፊልም ሳወጣለት ፊቱ ይኮሳተራል። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ጥሩ ቢሆንማ ስሙን እንሰማ ነበር።»

ይቺን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል።

የፊልም ስም ጆሯችሁ ድረስ የሚመጣው አንድ ሰው ገንዘብ አውጥቶ ስላመጣው ነው። ፖስተሩም፣ ማስታወቂያውም፣ ሲኒማ ቤቱም ብር ይጠይቃል። አከፋፋይ ያልገዛው ፊልም የፈለገ ቢያምር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» ውሰዱ። በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳደረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ስለ ባርነት ነው፣ ታሪኩንም የሚነግረው ከባሪያዎቹ ወገን ሆኖ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ጠፋ። ኃይሌና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ፤ ሰውም መጣላቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የከፈቱትን መጻሕፍት ቤትና ካፌ ታውቁት ይሆናል። ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው መቼ ነው? በ2021። 28 ዓመት ሙሉ ፊልሙ ያው ፊልም ነበር። አንድ ትዕይንት አልተጨመረበትም። በ2021 «እንዴት እስከዛሬ ሳላየው!» ያለኝ ሰው፣ ድሮ ባንኮኒዬ ላይ «ጥሩ ቢሆንማ» ያለኝ ያው ሰውዬ ነው።

ሌሎቹን የደንበኞቼን ሰበቦች ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው።

«ጥቁርና ነጭ ከሆነ አሮጌ ነው።» ሐረርንና ጫትን የሚያሳየው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» የ2021 ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ ነው። ቀጥሎ።

«ሰብታይትል ማንበብ ይደክማል።» ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት ፌስቡክ ላይ ኮሜንት የምታነበው አንተ አይደለህም እንዴ?

«አይኤምዲቢ ድረ ገጽ ላይ ነጥቡ ዝቅተኛ ነው።» ነጥብ የሚሰጠው ያየው ሰው ነው። ጥቂት ሰው ያየውን ፊልም አስር ኩርፍተኛ ይጥለዋል።

«የእኛ አገር ፊልም ፍቅርና ኮሜዲ ብቻ ነው።» የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 የካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ሲገባ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር። ኤፍሬም የሚባል ልጅ ቹኒ የተባለችውን በጉን ለበዓል እንዳያርዱበት ይፍጨረጨራል። በዚያው ዓመት የወጣው «ክራምብስ» ደግሞ እዚሁ አገር የተቀረጸ ነው፤ ዓለም ካለቀች በኋላ ሰማይ ላይ የዛገ መንኮራኩር ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ነው፣ ተዋናዩ ግን የእኛው ዳንኤል ታደሰ። ፍቅር አለበት፣ እሺ። ግን መንኮራኩርም አለበት።

«ታዲያ የት አገኛቸዋለሁ?» ለምትሉኝ፦ ተዋናይ መከተል ተዉና ዳይሬክተር ተከተሉ። «ሳንኮፋ»ን ከወደዳችሁ ወደ «ጤዛ» እለፉ፤ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ፈልጉ። ስትፈልጉ በእንግሊዝኛው ስም ብቻ አትፈልጉ፣ በአገሩ ስምም ሞክሩ። አዲስ አበባ ያላችሁ የጀርመኑ ጎተ ኢንስቲትዩትና የፈረንሳዩ አሊያንስ የባህል ማዕከላት ፊልም መቼ እንደሚያሳዩ ጠይቁ። ደግሞ እባካችሁ፣ ለአንድ ፊልም ሃያ ደቂቃ ስጡት። ስልካችሁን ገልብጣችሁ።

የቀረችው «የሽልማት ፊልም ደባሪ ነው» የምትለዋ ናት። ለእሷ አንድ ደንበኛዬን ልጥራ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ከጦርነት ፊልም ውጪ አያዩም። አንድ ቀን ሳልነግራቸው የዳይሬክተር ኪያሮስታሚን «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» ቀላቅዬ ጫንኩላቸው። የ1987 የኢራን ፊልም ነው። አንድ ትንሽ ልጅ የጓደኛውን ደብተር በስህተት ቤቱ ይዞ ይመጣል። ደብተሮቹ ይመሳሰላሉ። መምህሩ ደግሞ ጓደኛው የቤት ሥራውን ነገ ደብተሩ ላይ ሠርቶ ካልመጣ ሊያባርረው ዝቷል። ልጁ እናቱን ይለምናል። እሷ ልብስ እያሰጣች «የቤት ሥራህን ሥራ» ትለዋለች። ሕፃኑን አባብል፣ ዳቦ ግዛ። ሾልኮ ይወጣና ኮረብታው ላይ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ሌላ መንደር ይሮጣል። ጥይት የለም። የሞተ ሰው የለም።

በነጋታው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ሱቁን ሳልከፍት ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አንተ! ልጁ ደብተሩን አደረሰለት?»

መብራት ሄዶባቸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጡ አድረዋል።

«ሲመጣ ይጨርሱታ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ስድ!» ብለውኝ ሄዱ። ማታ መብራት መጣ።