ራስን መከላከል በሰሜን ሸዋ፦ ሕጉ፣ ጠመንጃውና የማያልቀው ክርክር

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሌሊት አንድ ግቢ ላይ ጥይት ተተኩሶ ሰው ከሞተ በማግስቱ አገሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ደግ አደረገ፣ በጨለማ ሰው ግቢ ምን ሊሰራ ገባ» ይላል፣ ሌላው ደሞ «ልጁ እኮ ባዶ እጁን ነበር፣ ሮጦ ሊያመልጥ ሲል ነው ከኋላ የመታው» ይላል፣ ከዛ ጠላ ቤቱም ሰንበቴውም ዕድሩም ለሳምንታት ሌላ ወሬ የለውም። እዚህ የምዳስሰው ይሄንን ክርክር ነው፣ ሕጉ ምን ይላል፣ ሰው ምን ይላል፣ ሽማግሌ ምን ያደርጋል የሚለውን። ሰሜን ሸዋ ስል ደብረ ብርሃንን ዋና ከተማው ያደረገውን የአማራ ክልሉን ዞን ነው፣ መንዝ፣ ተጉለት፣ ይፋት፣ መርሐቤቴ፣ ቡልጋ፣ ምንጃር ማለት ነው። ፍቼ ያለው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ላይም የወንጀል ሕጉ ያው አንድ ነው፣ እዛ ግን እርቁ በጉማ፣ በኦሮሞ ባህላዊ የደም እርቅ ስርዓት፣ ስለሚሄድ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

አሁን የምንዳኝበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሰራው ነው። ዋናው አንቀጽ 78 ነው፣ «ሕጋዊ መከላከል» ይለዋል። ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ በራስህ ወይም በሌላ ሰው ላይ ሕገወጥ ጥቃት እየደረሰ ከሆነ ወይም ሊደርስ ከተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልቻልክ፣ ያደረግከውም ነገር ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን ከሆነ አትቀጣም። ሰው የመጀመሪያዋን ብቻ ይዞ ነው የሚሟገተው፣ «መጣብኝ» ብሎ። ዳኛው ግን ሦስቱንም ነው የሚጠይቀው፤ መቼ መጣብህ፣ በሩን ዘግተህ ኡኡ ብለህ ጎረቤት መጥራት አትችልም ነበር ወይ፣ እሱ በያዘው ሽመል ላይ አንተ ክላሽ ማውጣትህ ልክ ነው ወይ። ትናንት የዛተብህን ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ጠብቀህ ከመታኸው ይሄ ቂም እንጂ መከላከል አይደለም፣ ገና ለገና ነገ ይገለኛል ብለህ ብትቀድመውም እንደዛው። ይሄ ነው ገጠር ላይ ለመዋጥ የሚከብደው፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ዛቻ ቀላል ነገር አይደለም፣ የዛተ ያደርገዋል ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ ስለዚህ «የኔ እናት ከምታለቅስ የሱ እናት ታልቅስ» የሚለው ነገር ለብዙ ሰው በቂ ሎጂክ ነው። ሕጉ ደሞ ዛቻ ራሱ ያስቀጣልና ሂድና ክሰሰው ነው የሚልህ፣ ፖሊስ ጣቢያው በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ቢሆንም። በነገራችን ላይ ይሄ «ጥቃቱ አሁን የሚደርስ መሆን አለበት» የሚለው ነገር በጣም የሚጎዳው ሴቶችን ይመስለኛል፣ ለዓመታት ስትደበደብ የኖረች ሚስት ባልዋ እላይዋ ላይ እያለ አቅም የላትም፣ ተኝቶ እያለ ካደረገችው ደሞ አንቀጽ 78 አይደርስላትም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ 79ን ነው፣ ግማሹ ጭቅጭቅም የሚመጣው ከዚህ ነው ባይ ነኝ። ሰዉ ወይ ጀግና ወይ ነፍሰ ገዳይ እያለ ሁለት ጫፍ ይዞ ሲጓተት ሕጉ መሀል ላይ ሰፊ ቦታ ትቷል። መከላከልህ እውነት ሆኖ ግን ከልኩ ካለፍክ ቅጣቱ ይቀልልሃል፣ ያለፍከውም በድንጋጤና በፍርሃት ከሆነ፣ እሱም ከጥቃቱ የመጣና ይቅር ሊባል የሚችል ፍርሃት ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ላይቀጣህም ይችላል። የግድያ አንቀጾቹም በዚሁ ልክ ነው የተደረደሩት። 539 ከባዱ ነው፣ አስቦና ተዘጋጅቶ ወይ በጭካኔ የገደለ፣ ዕድሜ ልክ ወይ ሞት። 540 ተራ የሚባለው ነው፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። 541 ደሞ ከመከላከል ልክ አልፎ የገደለ ወይም በከባድ ትንኮሳ ደሙ ፈልቶ የገደለ፣ ቢበዛ 5 ዓመት ቀላል እስራት። እንግዲህ አስቡት፣ መጥረቢያ ይዞ የመጣብህን ሰው አንዴ ተኩሰህ ጣልከው፣ እዚህ ጋር ብታቆም 78 ይዞሃል፤ መሬት ላይ ወድቆ እያለ ሁለተኛዋን ከጨመርክ ወደ 541 ትወርዳለህ፣ ዳኛው በድንጋጤ ሳይሆን በንዴት ነው ካለ ደሞ 540 ይጠብቅሃል። በሁለቱ ጥይት መሀል ያለችው ሁለትና ሦስት ሰከንድ ናት ፍርድ ቤት ወር ሙሉ የምታከራክረው።

ንብረትስ? መንዝ ላይ በግ፣ ቆላው ላይ በሬና ላም ኑሮ ማለት ነው፣ ጥንድ በሬ የተሰረቀ ገበሬ ያን ዓመት አላረሰም ማለት ነው፣ ስለዚህ «ከብት እንጂ ሰው አይደለም» ብለህ ከተማ ሆነህ መፍረድ ይቀላል። ሕጉም ንብረትን አልተወውም። እንደውም በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1148 ባለይዞታ የሚነጥቀውን ሰው በጉልበት መመለስ ይችላል ይላል፣ በስውር ወይ በኃይል የተወሰደበትንም ሌባው ይዞ ሲሸሽ ከደረሰበት እዛው ማስጣል ይችላል፣ ግን ሁኔታው የማይጠይቀውን የኃይል ስራ አይስራ ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ተከትለህ በሬህን ማስጣል መብትህ ነው፣ በሬውን ጥሎ የሚሮጠውን ልጅ ጀርባውን መምታት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የድንበር ጠብም እንደዚሁ፣ ጎረቤት ማረሻውን ወደ ማሳህ አንድ ትልም ቢገፋ «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ብሎ ጠመንጃ ማንሳት አይታለፍም።

ቄሶቹ ክርክሩ ሲጦፍ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22ን ያመጣሉ፦ ሌባ ቤት ሲምስ ተይዞ ተመትቶ ቢሞት በመታው ላይ የደም ዕዳ የለበትም፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ አለበት። ገርሞኝ የማያልቀው ይሄ ነው፣ ያ ሁሉ ሺህ ዓመት ያለፈው ቃል እና የዛሬው አንቀጽ 78 አንድ ነገር ላይ ነው የሚጋጠሙት፣ በጨለማ ሰውየው ምን እንደያዘ አታይም፣ በቀን ታያለህ። ድሮ ፍትሐ ነገሥት ነበር፣ ገዳይ ለሟች ዘመድ ተላልፎ ይሰጥና ዘመድ ወይ ደሙን ይመልስ ነበር ወይ ካሳ ይቀበል ነበር፣ ከዛ የ1923ቱ የወንጀል ሕግ መጣ፣ ከዛ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949ኙ፣ የአሁኑም በብዛት ከሱ የተወረሰ ነው።

ወደ ጠመንጃው እንምጣ፣ ያለሱ ይሄ ክርክር ግማሽ ነው። ድሮ ምንሽር፣ አልቤን፣ ቤልጅግ ነበር፣ አንድ ተኩሶ እስኪያጎርስ ድረስ ሰው ይሸሻል። ዛሬ ክላሽ ነው፣ ሳትፈልገውም ሦስት አራት ጥይት ይተፋል፣ ልክ ማለፍ የሚባለው ነገር በመሳሪያው ራሱ ቀለለ ማለት ነው። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አካባቢው ሲቃጠል፣ በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ሲመጣ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደሞ ባለው ግጭት፣ በሬውን ሸጦ መሳሪያ የገዛ ገበሬ ጥቂት አይደለም፣ «መንግስት እስኪደርስልኝ ማን ይጠብቀኛል» ነው የሚልህ፣ ባዶ ወሬም አይደለም። የመሳሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ግን ፈቃድ ይጠይቃል። እዚህ ጋር ሰው የሚስተው ነገር አለ፣ በግድያው በመከላከል ነፃ ብትወጣ እንኳን ያለፈቃድ በያዝከው መሳሪያ ለብቻው ልትጠየቅ ትችላለህ።

የሰፈር ተኩስ ሲነሳ ሮንድ አለ። ከተማውም ገጠሩም ሌብነት ሲበዛ ሰፈሩ ተራ አውጥቶ ሌሊት ይጠብቃል፣ ዱላ የያዘ አለ፣ መሳሪያ ያለውም ይዞ ይወጣል፣ «ማነህ! ቁም!» ይባላል፣ ያልቆመ ይጠረጠራል። ለዚህ ነው አሜሪካ ፍሎሪዳ የተፈጠረው የትሬይቮን ማርቲን ኬዝ እኛ ሰፈር ቢነገር ማንም በቀላሉ የሚገባው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር (የዚህ ታሪክ ቀኖች ሁሉ በሱ ናቸው) የካቲት 26 ቀን 2012 ሳንፎርድ በምትባል ከተማ ጆርጅ ዚመርማን የሚባል የሰፈሩ የሮንድ ሰው ከሱቅ የሚመለስ የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ አይቶ ይጠረጥራል፣ ለፖሊስ ይደውላል፣ ስልኩን ያነሳው ሰው መከተል አያስፈልግም ይለዋል፣ ከዛ ሁለቱ ተገናኝተው ግብግብ ይሆናል፣ ልጁ መሳሪያ አልያዘም፣ ሰውየው በሽጉጡ መትቶ ይገለዋል፣ ራሴን ስከላከል ነው ይላል። ፖሊስ ጠይቆ ለቀቀው። ፍሎሪዳ በ2005 ባወጣችው ሕግ ሰው መሆን በሚገባው ቦታ ላይ እያለ ጥቃት ከመጣበት ወደኋላ መሸሽ አይጠበቅበትም። አገር ተቆጣ፣ ሰልፍ ተወጣ፣ ልዩ አቃቤ ሕግ ተሾመ፣ ሰውየው የታሰረው ሚያዝያ 11 ነው፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ። ሐምሌ 13 ቀን 2013 ስድስት ሴቶች ያሉበት ጁሪ፣ ከተራው ሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱ ሰዎች ማለት ነው፣ ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ለቀቀው። ጠበቆቹ በዛ ሕግ የሚገኘውን፣ ዋናው ክርክር ሳይጀመር ከክሱ ነፃ ልሁን የሚባልበትን ልዩ የቅድሚያ ችሎት አልጠየቁም ነበር፣ ጁሪው ግን ሲመከር መሸሽ ግዴታው አይደለም ተብሎ ተነግሮታል።

ይሄ ነገር እዚህ ሆኖ ቢሆንስ ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። በኛ ሕግ «በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል» የሚል ቃል ስላለ መጀመሪያ ለምን ተከተልከው የሚለው ጥያቄ ከባድ ይሆንበት ነበር። ጁሪም የለንም፣ ዳኛ ነው ምክንያቱን ጽፎ የሚፈርደው። ትልቁ ልዩነት ደሞ እዛ ጥፋተኛ አይደለም ከተባለ በቃ አለቀ፣ እዚህ ግን አቃቤ ሕግ በነፃ መለቀቁ ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል፣ ጉዳዩ እስከ ሰበር ሊሄድም ይችላል።

ሕዝቡ የሚቆጣበት ነገርም ተገላቢጦሽ ነው። እዛ «ለምን አልታሰረም» ብሎ ነው ሰው አደባባይ የወጣው፣ እዚህ ደሞ «ራሱን ተከላክሎ ለምን ታሰረ» ነው። እኛ ጋር ሰው ከሞተ የተኮሰው ይያዛል፣ መከላከል ነው አይደለም የሚለው በኋላ በምርመራና በችሎት የሚታይ ነው። ዋስትናውም ከባድ ነው፣ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ሰው የሞተበትና 15 ዓመትና ከዛ በላይ የሚያስቀጣ ክስ ከሆነ ዋስ አይፈቅድም፣ 540 ደሞ እስከ 20 ዓመት ነው። ስለዚህ አቃቤ ሕጉ ከመጀመሪያው 541 ብሎ ከጻፈው ሰውየው ዋስ ጠርቶ እርሻው ላይ ሊውል ይችላል፣ 540 ካለው ግን እስከ ፍርዱ ማረሚያ ቤት ነው፣ በመጨረሻ ነፃ ቢባል እንኳን አንድ ክረምት አለፈው። በኔ እይታ ሕጉ ላይ ቅሬታ የሚያስነሳው ቦታ ይሄ ነው እንጂ አንቀጽ 78 አይደለም።

ማስረጃው ደሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሌሊት ነው፣ ያየ ሰው ራሱ ተኳሹና ሟች ናቸው፣ አንዱ ሞቷል። የሟች ወገን «ጠርቶ ነው የገደለው፣ የድሮ ቂም ነበራቸው» ይላል። ጎረቤት የሰማውን ቢያውቅም ደመኛ መሆን ስለማይፈልግ «እኔ ተኝቼ ነበር» ነው የሚለው። የሚቀረው ቀለሁ የት ወደቀ፣ ጥይቱ ከፊት ገባ ወይስ ከኋላ፣ አስከሬኑ በር ላይ ነው ወይስ ከአጥር ውጭ የሚለው ነው፣ እሱም መርማሪ እስኪደርስ ቦታው ካልተረገጠና አስከሬኑ ሳይመረመር ቶሎ ካልተቀበረ ነው። ሙሾ አውራጁም ለቀስተኛውም ግቢውን ሞልቶት ነው ፖሊስ የሚደርሰው። ተኳሹም ራሱን ይጎዳል፣ በደሙ ሙቀት ፎክሮ «አዎ ገድያለሁ፣ ገና እገላለሁ» ያለውን ሰው በኋላ ፈርቼ ነው ቢል ማን ያምነዋል።

ከዛ ሽማግሌ ይመጣል። ሰው እንደሞተ የገዳይ ቤተሰብ ቀዬውን ለቅቆ ይሸሻል፣ ካህናት መስቀል ይዘው የሟች ቤት ይላካሉ፣ አንዴ አይሆንም፣ ይመለሳሉ፣ ደግመው ይሄዳሉ፣ በይፋትና በቀወት በኩል አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ፣ መጨረሻ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይኖራል፣ ደም ደረቀ ይባላል። እዚህ ላይ ነው ሕጉና ባህሉ የሚተላለፉት። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው «ልክ ነበርክ ወይ» ነው፣ ሽማግሌው ግን «ቀጥሎ ማን ይሞታል» ነው የሚጠይቀው። ለሽማግሌው መከላከል ሆነም አልሆነም ደም ፈሷል፣ ስለዚህ በሩ ተሰብሮበት የተኮሰውም ሰው ባብዛኛው ካሳ ይከፍላል። ይሄን ሰምተው «ታዲያ ሌባ ገብቶብኝ እኔው ልክፈል» ብለው የሚናደዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም፣ ግን ሽማግሌዎቹ የሟች ወንድም መሳሪያ እንዳለው ያውቃሉ።

እርቁ የወንጀል ክሱን አያዘጋም፣ ግድያ የመንግስት ክስ ነው። ዋጋ ግን አለው፣ አንቀጽ 82 ከወንጀሉ በኋላ የተጸጸተ፣ እጁን የሰጠና የቻለውን ያህል የካሰ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል ይላል፣ ስለዚህ ጠበቃ የእርቁን ወረቀት ለማቅለያ ያቀርባል። ችግሩ መከላከል ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ጋር ነው፤ ካሳ ከፍሎ ይቅርታ ጠይቆ ሲያበቃ አቃቤ ሕጉ «ጥፋት ከሌለብህ ለምን ካስክ» ሊለው ይችላል፣ እንዳይክስ ደሞ የሟች ዘመድ አለ። ስለዚህ አንዳንዱ እርቁን እስከ ፍርዱ ያቆየዋል፣ በዛ መሀል ቤተሰቡ ደብረ ብርሃን ወይ አዲስ አበባ ዘመድ ጋር ተጠግቶ ይቆያል፣ መሬቱን በእኩል ለሌላ ሰው ይሰጣል። በነፃ ቢለቀቅም የፍርዱን ወረቀት ይዞ በቀጥታ ቀዬው አይገባም፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ይልካል።