ኢምፕላንት ማሳጠብ ምንድን ነው?

አክስቴን አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ከዓመታት በፊት ያስተከለችው ጥርስ (ኢምፕላንት) ዙሪያ ድዷ ቀልቷል፤ ስትቦርሸው ይደማል። «አያመኝም እኮ» እያለች ወራት አሳልፋለች። ከፋርማሲም ሁለት ዙር አሞክሳሲሊን ገዝታ ውጣለች።

ሐኪሟ ቀጭን መለኪያ በድዱና በኢምፕላንቱ መካከል ቀስ አድርጋ አስገባች። ስታወጣው ደም በጥርሱ ዙሪያ ቀጭን መስመር ሠራ። ራጅ ተነሳች። አጥንቱ ደህና ነው። «ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፤ እናጥበዋለን» አለች።

ኢምፕላንት መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብሎን ነው፤ አብዛኛው ከቲታኒየም ይሠራል። ቲታኒየም እንደ ጥርስ አይቦረቦርም። ዙሪያውን ያለው ድድና አጥንት ግን የራሳችን ነው፤ ይታመማል። በተፈጥሮ ጥርስ ላይ የድዱ ክሮች ሥሩ ውስጥ ተሰክተው አጥብቀው ይይዙታል። ኢምፕላንቱን ግን ከጎኑ ያልፉታል እንጂ አይሰኩበትም። ስለዚህ ቆሻሻው ላይ የሚባዙት ባክቴሪያዎች ወደ ታች ለመውረድ ብዙ አይቸገሩም።

ሕመሙ ሁለት ደረጃ አለው። ድዱ ብቻ ሲቆጣ ሙኮሳይቲስ ይባላል፤ በደንብ ከታጠበ ብዙውን ጊዜ ይድናል። አጥንቱ መበላት ከጀመረ ፔሪኢምፕላንታይቲስ ይሆናል። የሄደ አጥንት በእጥበት አይመለስም። «አያመኝም» የሚለው ነገር የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። ሁለተኛውም ደረጃ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ምልክቱ ደም ነው፣ አንዳንዴም መግል።

እጥበቱ እንደ ተራ ጥርስ እጥበት አይደለም። ተራው የብረት መፋቂያ ቲታኒየሙን ስለሚጭረው ለስለስ ያለ መሣሪያ ይመረጣል። በጣም ደቃቅ ዱቄት በአየርና በውሃ የሚረጭ ማሽንም አለ። ክራውኑ (ብሎኑ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሠራሽ ጥርስ) ለብሩሽ የማይመች ከሆነ ተፈትቶ ይስተካከላል። አንዳንዴ ጥፋተኛው ድዱ ሥር የቀረ የክራውን ማጣበቂያ ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ካልወጣ ቁጣው አይበርድም።

አንቲባዮቲክስ? መድኃኒቱ ብሎኑ ላይ የተለጠፈውን ቆሻሻ አይፍቀውም። የአክስቴ ሁለት ዙር ክኒን ያልሠራውም ለዚህ ነው፤ እባካችሁ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ። ሲጋራና ያልተቆጣጠሩት ስኳር ደግሞ ነገሩን ያባብሱታል።

ከእጥበቱ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ መለካት ያስፈልጋል። አጥንት ተበልቶ የብሎኑ ጠመዝማዛ መስመሮች ከተጋለጡ በእነሱ መካከል ማጽዳት ከባድ ነው፤ እጥበቱ ካልበቃ ያኔ ድዱን ከፍቶ ማጽዳት ይመጣል።

ሐኪሟ መስታወት አስይዛ፣ በጥርስ መካከል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ እንዴት እንደምትሾልክ ለአክስቴ አሳየቻት። ከዚያ የመጀመሪያውን ራጅ ጠየቀች፣ አጥንቱ ወርዶ እንደሆነ ለማስተያየት። የተከሉላት ቦታ አልሰጧትም ነበር። ኢምፕላንት የምታስተክሉ ሰዎች፣ ክራውኑ በገባበት ቀን የተነሳችሁትን ራጅ ቅጂ ተቀብላችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።